በአቃቂ ባቡር ጣቢያ ዙሪያ ያልተጻፈው ታሪክ

ታሪክ ሲባል ብዙዎቻችን በቅድሚያ የሚታሰበን የነገሥታት ዘመንና የጦር ሜዳ ውሎ ነው። ይህ ነቀፋ የለበትም። ነገር ግን ሕዝቡ በየዘመኑ ምን በልቶ፥ ከማን ተበድሮ፥ በማን ቤት ዐድሮ እንደ ኖረ መመርመርም ራሱን የቻለ ዕውቀት ነው። ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ1942 ዓ.ም. ባሳተሙት «ዝክረ ነገር» የርስትንና የግብርን ሥርዐት የመሰለውን ሁሉ ሰብስበው አቈይተውልናል፤ ሆኖም በመዝገብ ያልገባ ነገር ከዚያም ሊገኝ አይችልም።

አቃቂን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1935 ንጉሠ ነገሥቱ በዚያው በነበረው የራዲዮ ጣቢያ አማካይነት ለዓለም ንግግር ስላደረጉ፥ ስሟ በመጻሕፍት ይነሣል። ከዚያ አስቀድሞ የምድር ባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1915 አቃቂ ደርሷል፤ አዲስ አበባ የገባው ግን በ1917 ነው። እንግዲህ በመካከሉ ባቡር ያመጣው ዕቃ የቀረውን 23 ኪሎ ሜትር ያህል በከብት ጀርባና በሰው ትከሻ መሄድ ነበረበት። መጻሕፍት ዓመቱንና ርቀቱን ይነግሩናል፤ ያን ጭነት ማን አወረደው? ሌሊቱንስ ማን ጠበቀው? ለአጋሰስ ነጂው እንጀራ የጋገረችው ሴት ማን ትባላለች?

ይህን ልጠይቅ ከአሮጌው ጣቢያ አጠገብ ወደሚኖሩ፥ ሰማንያ ዓመት ወዳለፋቸው እናት ዘንድ ሄድሁ። ደብተሬን ሳወጣ ፊታቸው ተለወጠ።

«ቤቱን ልትለካው ነው ልጄ?»

«የለም እማማ፥ ታሪክ ልጽፍ ነው።»

«ታሪክማ ከጌቶች ዘንድ ነው። እኛ ምን አለን?»

ስለ ቤቱ መጠየቃቸው አላስደነቀኝም፤ ደብተር ይዞ በደጃቸው የቆመ ሰው ዘወትር የመጣው ሊቈጥር ወይም ሊለካ ነው። ማኅተም ያለበት ደብዳቤ በር ቢያስከፍትም አፍ ያዘጋል፤ ለምርምር የሚወጡ ባልንጀሮቼ ይህን ቢያስቡበት እወዳለሁ። የከበደኝ ግን የኋለኛው ቃላቸው ነበር። ደብተሬን ከደንሁና ስለ እናታቸው ጠየቅሁ።

የነገሩኝ እኔ ከፈለግሁት ዘመን ወዲህ፥ በልጅነታቸው ያዩትን ነው። እናታቸው በጣቢያው አጠገብ ጠላ ይሸጡ ነበር። ፊደል አያውቁም፤ ነገር ግን በዱቤ የጠጣውን ሁሉ ከጓዳው ግድግዳ ላይ በከሰል ይጽፉት ነበር፤ ለአንድ ዋንጫ አንድ ጭረት፥ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ቦታ። የከፈለው ይጠፋለታል። ባቡር ይዞት የሄደው ሰው ጭረት ግን እንዳለ ይኖራል። የማን ጭረት የትኛው እንደ ሆነ የሚያውቁት እናታቸው ብቻ ነበሩ።

በየዓመቱ ለበዓል ቤቱ በጭቃ ሲለሰን ያች ግድግዳ አትነካም ነበር። ልጅየዋ አፍረው፥ «ሰው ምን ይለናል?» ቢሉ፥ እናትየው «ተመልሶ ሲመጣ ምን ልለው ነው?» ብለው ይከለክሏቸዋል። ግድግዳዋ የተለሰነችው እናትየው ባረፉ ጊዜ፥ ለለቅሶ የሚመጣ ሰው ስለ በዛ ነው።