ከፎቶው ጀርባ ስም ይጻፍ

ኮዬ ፈጬ ከየሰፈሩ የተሰባሰበ ሰው ከተማ ነው። ዕጣ ወጥቶለት የመጣ አለ፣ ተከራይቶ የገባ አለ፣ ከኮንዶሚኒየሙ በፊት ይህን መሬት ሲያርስ የኖረም አለ። በየቤቱ ቁም ሳጥን ላይ ግን በፌስታል የተጠቀለለ የድሮ ፎቶ አይጠፋም። ስለነዚያ ፎቶዎች አንድ ነገር ልለምናችሁ ነው፤ ነገሩን ከአንድ አሮጌ ካሜራ ልጀምር።

ድሮ ፎቶ አንሺ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያና ከባድ የመስታወት ኔጌቲቭ ተሸክሞ ነበር የሚዞረው። የ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ተጣጣፊ ካሜራ ይህን ሸክም አቀለለው። ሲዘጋ ኮት ኪስ ይገባል፤ ሲከፈት ሌንሱ እንደ አኮርዲዮን ከሚታጠፍ ጥቁር ቆዳ ጋር ተስቦ ይወጣል። ጥቅል ፊልሙ ከጀርባው ወረቀት አለው፤ በወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር በትንሽ ቀይ መስኮት እያዩ ያዞሩታል። ኮዳክ እ.ኤ.አ. በ1901 ያወጣው 120 ፊልም ዛሬም ይመረታል።

እኔን የሚገርመኝ ግን እ.ኤ.አ. በ1914 የመጣው የኮዳክ "አውቶግራፊክ" ነው። ከኋላው ትንሽ መዝጊያ አለችው። ፎቶ አንሺው ከፍቷት፣ በብረት መጻፊያ የሰውየውን ስም፣ ቦታውንና ቀኑን በፊልሙ ወረቀት ላይ ይጽፋል፤ ለጥቂት ሰከንድ ብርሃን ሲያገኝ ጽሑፉ በኔጌቲቩ ጠርዝ ላይ ይቀራል። ፊት ያለ ስም ብዙ እንደማይቆይ ያሰበ ሰው የሠራው ነው።

በእኛ አገር መጀመሪያ ፎቶ የቤተ መንግሥትና የመኳንንት ነበር። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የዳግማዊ ምኒልክ ፎቶ አንሺ ሆነው ሠርተዋል፤ ሙያውም ወደ ልጆቻቸው ተላልፏል። እዚያ የሚነሳው ሰው ለብሶ፣ ተዘጋጅቶ፣ ማንነቱም ታውቆ ነው። በ1928 ዓ.ም. የመጣው የጣሊያን ወታደር ግን የግል ካሜራውን በኪሱ ይዞ ነበር። ሴቱን፣ ሕፃኑን፣ እስረኛውን፣ የተገደለውን ሳይቀር አነሳ። የየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ ሳይቀር በገዳዮቹ ወገን ካሜራ ተቀርጿል። ለማስታወሻ ያነሱት ፎቶ ኋላ በራሳቸው ላይ ማስረጃ ሆነ። የሞቱት ግን በአብዛኛው ስም የላቸውም።

ደራሲዋ መዓዛ መንግሥቴ እነዚህን የወታደር ፎቶዎች ለዓመታት ሰብስባለች፤ "ፕሮጀክት 3541" የተባለው የፎቶ ማኅደሯም ከዚያ የመጣ ነው። ስለዚያው ጦርነት ልብ ወለድ እየጻፈች ሳለች፣ የገዛ ቅድመ አያቷ ጠመንጃ ይዘው መዝመታቸውን ከእናቷ ሰማች። ስንት ዓመት በሌሎች ፎቶ ውስጥ የፈለገችው ታሪክ እቤቷ ነበር።

ልመናዬ እዚህ ላይ ነው። በድሮው ሰፈራችን አልበሙ ስም ባይኖረው ጎረቤት ነበረው። "ይሄ የእትዬ እከሊት ወንድም አይደል?" የሚል ሰው አይጠፋም። ሰፈሩ ሲበተን ያ እውቀት አብሮ ተበተነ። እዚህ ብሎክ ውስጥ ያለ ጎረቤት ምንም ደግ ቢሆን የአያቴን ፊት አያውቀውም። ስለዚህ ጽሑፉ የእኛ ድርሻ ነው።

አልበሙን አውርዱና ከእናታችሁ፣ ከአባታችሁ፣ ከአያታችሁ ጋር ተቀመጡ። ማን እንደሆነ፣ የት እንደተነሳ፣ ዓመቱን፣ ማን እንዳነሳው ጠይቁ። ከፎቶው ጀርባ ጠርዙ ላይ፣ ሳትጫኑ፣ በለስላሳ እርሳስ ጻፉ። እስክሪብቶ ቀለሙ ሊያልፍ፣ ጫፉም ፊት ለፊት ሰንበር ሊያወጣ ይችላል። ወረቀቱ እርሳስ የማይቀበል ከሆነ ስሙን በሌላ ወረቀት ጽፋችሁ አብራችሁ አስቀምጡ። ፊቱንም ጀርባውንም በስልካችሁ አንሱ። ኔጌቲቭ ካገኛችሁ አትጣሉ፤ እንደገና ሊታተም ይችላል።

አዛውንቶቻችን በሕይወት ሳሉ ይህን ለማድረግ አንድ እርሳስና አንድ ከሰዓት ይበቃል። እነሱ ካለፉ በኋላ ግን የትኛውም ካሜራ፣ የትኛውም ማኅደር ያንን ስም አይመልስልንም። በዚህ እሑድ ጀምሩ።