ሕልም እንደ ፈቺው

ሰው ካልጠበቀው ነገር ከሚደርስበት ቅሬታ ይልቅ፥ ብዙ ተስፋ ከጣለበት ነገር የሚደርስበት ቅሬታ ይጠናል። የማናውቀው ደራሲ የጻፈው መጽሐፍ ባይጥመን ዘግተን እናስቀምጠዋለን፤ ነገሩም በዚያው ያልቃል። ለብዙ ዘመን የወደድነው ደራሲ ግን ባላሰብነው መንገድ ሲሄድብን፥ ጥፋቱ የእርሱ ይሁን የእኛ ሳንመረምር እንቅልፍ አይወስደንም። ባለፈው ክረምት በአንድ ቅዳሜ ማታ እንዲህ ያለው ቅሬታ ደረሰብን፤ ከቅሬታውም በኋላ ያልጠበቅነው ነገር ስለ ተከተለ፥ ታሪኩን ለአንባቢዎቻችን ማካፈል መልካም መስሎ ታየን።

ቅሬታችን የተነሣው «ልጁና ሳቢሳው» ከተባለ የጃፓን የአኒሜሽን ፊልም ነው። ሳቢሳ ማለት በውሃ ዳር ቆሞ ዓሣ የሚጠብቅ እግረ ረጅም ወፍ ነው። የፊልሙ ደራሲና አዘጋጅ ሃያኦ ሚያዛኪ፥ ዘመኑን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ለመናገር፥ በ1941 በቶኪዮ ተወለደ፤ ከባልንጀሮቹ ጋር በ1985 ጂብሊ የተባለውን ድርጅት ካቋቋመ ወዲህም ስሙ በዓለም ሁሉ የታወቀ ሰው ነው። በ2013 ከረጅም ፊልም ሥራ መሰናበቱን በይፋ ተናግሮ ነበር። ነገር ግን ከ10 ዓመት በኋላ፥ በ2023 በሐምሌ ወር፥ በ82 ዓመት ዕድሜው ይህን ፊልም አወጣ። ድርጅቱም ፊልሙ በጃፓን ከመታየቱ በፊት የወፉ ሥዕል ካለበት አንድ ወረቀት በቀር ማስታወቂያ ስላላወጣ፥ ተመልካቹ ስለ ታሪኩ አንዳች ሳያውቅ ወደ አዳራሽ ገባ። በ2024 ደግሞ ፊልሙ በአኒሜሽን ረድፍ የኦስካርን ሽልማት አገኘ። ይህን ሁሉ የሰማ ሰው ተስፋው ቢበዛ አይፈረድበትም።

የእኛ ተስፋ ግን ከሽልማቱ ብቻ የመጣ አልነበረም። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለን የዚሁ ሰው በ2001 የወጣ ፊልም አይተን ነበር፤ ይኸውም ወላጆቿ ያልተፈቀደላቸውን ምግብ በልተው ወደ እሪያነት የተለወጡባት የአንዲት የ10 ዓመት ልጅ ታሪክ ነው። ያም ፊልም ሕልም ይመስላል። ቢሆንም ልጅቱ የምትፈልገው ምን እንደ ሆነ ለአንዲት ደቂቃ እንኳ አንዘነጋም፤ በመናፍስቱ መታጠቢያ ቤት ሠርታ ማደር፥ የተወሰደባትን ስም ማስመለስ፥ ወላጆቿንም ማዳን አለባት። ስለዚህ አንድ ፊልም ሕልም በመምሰሉ ብቻ እንደማይነቀፍ አስቀድመን መመስከር ይገባናል።

ከዚህም ሌላ የግል ጉዳይ ነበረን። ታናሽ እኅታችን ከሁለት ዓመት በፊት በሕመም ስታርፍ የ10 ዓመት ልጅ ትታ ሄደች። ልጁም ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ቅዳሜንና እሑድን በእኛ ዘንድ ያሳልፋል። አባቱ ደግ ሰው ነው፤ ነገር ግን ሁለተኛ ትዳር ሊመሠርት አስቦ ለልጁ መናገሩ ስለ ከበደው፥ ከእርሱ አፍ ከሚሰማው ከእናቱ ወንድም ቢሰማው ይሻላል ብሎ ለመነን። እኛም እሺ አልን። ሦስት ሳምንት አለፈ፤ አልነገርነውም። ቃሉ አፋችን ላይ ደርሶ ይመለስ ነበር። በዚህ መካከል ስለ ፊልሙ የተጻፈ አንድ አጭር መግለጫ አነበብን፤ እናቱ የሞተችበትና አባቱ ሌላ ሚስት ያገባበት ልጅ በመጨረሻ ከአዲሲቱ እናቱ ጋር የሚስማማበት ታሪክ ነው ይላል። «እነሆ፥ እኛ መናገር ያቃተንን ይህ ሽማግሌ ይናገርልናል» ብለን ደስ አለን።

የፊልሙ መጀመሪያ ተስፋችንን የሚያጸና ነበር። ጦርነቱ በተጀመረ በ3ኛው ዓመት በቶኪዮ አንድ ሆስፒታል ይቃጠላል፤ ማሂቶ የተባለው ልጅ እናቱ ወዳለችበት እሳት ይሮጣል፤ በመንገዱ የሚያገኛቸውም ሰዎች መልካቸው በነበልባሉ ብርሃን እንደ ሰም ሲቀልጥ ይታያል። በ4ኛው ዓመት የአውሮፕላን ዕቃ ፋብሪካ ያለው አባቱ ልጁን ይዞ ወደ ገጠር ይሄዳል። እዚያም የሚቀበሉት የሟቿ ታናሽ እኅት፥ የአባቱ አዲስ ሚስት፥ ናትሱኮ ናት። ናትሱኮ ገና በመጀመሪያው ቀን የልጁን እጅ ይዛ ፅንሱ ባለበት ሆዷ ላይ ታኖራለች። ልጁ አንድ ቃል አይናገርም። ይህን ስናይ የእኅታችንን ልጅ በጎን ተመለከትነው፤ እርሱም ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጦ ዐይኑን ከቴሌቪዥኑ አልነቀለም።

ነገሩ የተበላሸብን ማሂቶ ከቤቱ አጠገብ ወዳለው አሮጌ ግንብ ከገባ በኋላ ነው። ናትሱኮ ወደ ጫካ ገብታ ትጠፋለች፤ በሰው ቋንቋ የሚናገር ሳቢሳ ልጁን ወደ ግንቡ ይስበዋል፤ ወለሉም ይውጠውና ከምድር በታች ወዳለ ባሕር ይወርዳል። ከዚያ ወዲያ ፊልሙ ካንዱ ወዳንዱ እየዘለለ ይሄዳል። ሰው ሆነው ለመወለድ ወደ ላይ የሚንሳፈፉ ነጫጭ ትንንሽ ፍጥረቶች ይመጣሉ፤ ፔሊካን የተባሉት ትልልቅ ወፎች ይበሏቸዋል፤ አንዱም ቈስሎ የሚበላው ሌላ ነገር ስላጣ ይህን እንዳደረገ ተናግሮ ይሞታል። ከዚያ በኋላ የፍጥረቶቹ ነገር ይረሳል። ማንም እንዳይነካው የተጠበቀ መቃብር ይታያል፤ የማን መቃብር እንደ ሆነ ሳናውቅ እናልፋለን። ሰው የሚበሉ፥ ንጉሥም ያላቸው በቀቀኖች ቢላዋ ይዘው ይመጣሉ። ሂሚ የምትባል እሳትን የምታዝዝ ልጃገረድ ትመጣለች፤ ኋላም ገና በልጅነት ዕድሜዋ ያለች የማሂቶ እናት ራሷ እንደ ሆነች እንረዳለን። ከሁሉም በላይ ከእናቱ ወገን የሆነ አንድ ሽማግሌ ድንጋዮችን እየደራረበ ያን ዓለም በሚዛን ይጠብቃል። በመጨረሻ ሁሉም ነገር ይፈርሳል፤ ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ቤተ ሰቡ ወደ ቶኪዮ ሊመለስ ሲነሣ ልጁ ክፍሉን ለቆ ይወጣል፤ ፊልሙም በዚያው ያበቃል።

«አለቀ?» አለ የእኅታችን ልጅ።

«አለቀ» አልነው። ሌላ ቃል ሳንነጋገር መብራቱን አጥፍተን ተኛን።

በዚያ ሌሊት በሐሳባችን ከፊልሙ ጋር ስንሟገት ቈየን። ቅኔ በሚዘረፍበት አገር እንደ ማደጋችን የተሰወረ ነገር አያስደነግጠንም። ነገር ግን ቅኔ የሚሰውረው ሊገለጥ ነው። ባለ ቅኔው ወርቁን በሰሙ ውስጥ ሲቀብር፥ የሚፈልግ ሰው እንዲያገኘው አድርጎ ይቀብራል፤ ተማሪው ፈልጎ ቢያጣው እንኳ መምህሩ ያመለክተዋል። ይህ ፊልም ግን ሰም በሰም ላይ የሚደርብ መሰለን። የተኛ ሰው ያየው ሕልም ቢዘበራረቅበት አይወቀስም፤ መርጦ ያላየው ነገር ነውና። ደራሲ ግን ያልተኛ ሰው ነው፤ መርጦ ያሳየናል። ስለዚህ የጋበዘውን እንግዳ በመንገድ ላይ ትቶት መሄድ አይገባውም አልን።

ኋላም ስለ ፊልሙ የተጻፈውን ስናነብ ቅሬታችን ባሰ። ፊልሙ ለድርጅቱ ሰዎች በታየ ጊዜ ሚያዛኪ፥ ምናልባት ሳይገባችሁ አልቀረም፥ ለእኔም ለራሴ አልገባኝም የሚል መልእክት ማስነበቡ ተዘግቧል። የድርጅቱ ሰው ቶሺዮ ሱዙኪ እንደ ተናገረው ደግሞ፥ ድንጋይ የሚደረድረው ሽማግሌ በ2018 የሞተውን የሚያዛኪን የሥራ ባልንጀራ ኢሳኦ ታካሃታን የሚመስል ነው። የሚያዛኪም አባት እንደ ማሂቶ አባት የአውሮፕላን ዕቃ ይሠራ ነበር። እንግዲህ ፊልሙ አንድ ሽማግሌ ስለ ራሱ ዘመን ያየው ሕልም ነው ማለት ነው። መልካም፤ ነገር ግን በሩን ለመክፈት ቁልፉ ከሌላ ቤት የሚመጣ ከሆነ፥ የሕይወት ታሪኩን ያላነበበ ሰው በደጅ ይቀራል።

በማግሥቱ እሑድ ቁርስ ላይ ልጁን ይቅርታ ለመጠየቅ አሰብን። «ትናንት ያየነው ነገር ትርጉም የለውም፤ ሌላ ጊዜ የተሻለ እንመርጣለን» አልነው። እርሱ ግን ዳቦውን እየቈረሰ፥ «ጋሼ፥ ያ ልጅ ድንጋይ አንሥቶ ራሱን የመታው ለምንድን ነው?» አለን።

እኛ ይህን ረስተነው ነበር። ማሂቶ በአዲሱ ትምህርት ቤት በመጀመሪያው ቀን ከልጆች ጋር ይጣላል። ከተለያዩ በኋላ ብቻውን ወደ ቤቱ ሲመለስ ድንጋይ አንሥቶ ከጆሮው በላይ ራሱን ይመታል፤ ብዙ ደምም ይፈሰዋል። አባቱ ማን እንደ መታው ሲጠይቀው፥ ወደቅሁ ብቻ ይላል። አባቱም አያምነውም፤ በቁጣ ወደ ትምህርት ቤቱ ይሄዳል። እኛ ይህን ሁሉ እንደ ታሪኩ መግቢያ ቈጥረን አልፈነው፥ ዐይናችን ግንቡ ላይ ነበር።

«ትምህርት ቤት ላለመሄድ ይሆናል» ብለን መለስንለት።

«እሱስ ልክ ነው፤ ግን ደግሞ ሰው እንዲያየው ይመስለኛል» አለ። ጥቂት ዝም ካለ በኋላም፥ «እኔም የእማዬ አርባ ዕለት ሆዴን ያመመኝ ውሸት ነበር። ሰዎቹ እየበሉ ሲሥቁ አይቼ ነው። ለማንም አልተናገርኩም» አለን።

ያን ቀን በሚገባ እናስታውሰዋለን። እንግዳው በድንኳን ተሰብስቦ ሳለ ልጁ ሆዱን ይዞ ጮኸ፤ ተሸክመነው ወደ ጤና ጣቢያ ሄድን፤ ሕመምም አልተገኘበትም። እኛም በልባችን፥ ይህ ልጅ የእናቱን ቀን እንኳ ሊታገሥ አልቻለም ብለን ቅር ተሰኝተን ነበር። ለሁለት ዓመት ያህል ይህን ቅሬታ ይዘን ስንኖር፥ ምን እንደ ሆነ አንድ ቀን ተቀምጠን አልጠየቅነውም።

የምንመልሰውን ቃል ስናጣ፥ «በመጨረሻ ግን ለሽማግሌው እውነቱን ነገረው» አለን። በእርግጥም እንዲሁ ነው። ሽማግሌው ክፋት ያልነካቸውን ድንጋዮች ሰጥቶ ያን ዓለም ሊያወርሰው ሲል፥ ማሂቶ ጠባሳውን እያሳየ፥ ይህን በራሱ ላይ ያደረገው እርሱ እንደ ሆነና የክፋቱም ምልክት እንደ ሆነ ይናገራል፤ ድንጋዮቹንም አልነካም ብሎ ወደ ቤቱ ለመመለስ ይመርጣል። ከአባቱ የሰወረውን ነገር በዚያ ስፍራ ገለጠው። እኛ ክር አጣን እያልን ስናማርር፥ ልጁ አንዱን ክር ይዞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሄዶበት ነበር።

ያን ጊዜ እኛም ደፍረን የአባቱን ጉዳይ ነገርነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ሰምተን መደበቃችንንም ሳንሸሽግ ጨምረን ነገርነው። ልጁ ሻዩን እያማሰለ ብዙ ቈየ። ከዚያም፥ «ስሟ ማን ነው?» አለ። ነገርነው።

«እማዬ ብዬ ግን አልጠራትም» አለ።

«በስሟ መጥራት ትችላለህ» አልነው።

ይህን የጻፍነው ፊልሙን ከነቀፋ ነፃ ለማውጣት አይደለም። ኋላ ብቻችንን ደግመን አየነው፤ ፔሊካኖቹና በቀቀኖቹ ዛሬም የተበተኑ ናቸው። ናትሱኮ በመውለጃ ክፍሏ ሆና፥ እጠላሃለሁ እያለች ማሂቶን ስታባርረው፥ እርሱ ለመጀመሪያ ጊዜ እናቴ ብሎ ይጠራታል፤ ወደዚህ ቃል ያደረሰው መንገድ ግን በበቂ አይታይም። እናቱ የተወችለትን መጽሐፍ አንብቦ ሲያለቅስ አይተናል፤ ይኸውም ጌንዛቡሮ ዮሺኖ በ1937 ያሳተመው «እናንተ እንዴት ትኖራላችሁ?» የተባለው ነው፤ ፊልሙም በጃፓንኛ የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። ነገር ግን ልጁ ከመጽሐፉ ምን እንዳገኘ ደራሲው አይነግረንም። ይህ ጉድለት ነው፤ ሽልማቱም አይሞላውም። ስለዚህ በፊልሙ ያለን ቅሬታ እንዳለ ነው።

ሌላውን ቅሬታችንን ግን እናነሣለን። ፊልሙ ለልጁ እንዲነግርልን የፈለግነው ነገር የእኛ ሥራ ነበር እንጂ የሚያዛኪ አልነበረም። አባቱ ለእኛ አሳለፈ፤ እኛም ለአንድ የጃፓን ሽማግሌ አሳለፍን። ሸክማችንን ስላልተሸከመልን በእርሱ መቈጣት አይገባንም ነበር።

ሕልም እንደ ፈቺው ነው ይባላል። ፈቺ ለመሆን ዕውቀት ብቻ የሚበቃ መስሎን ነበር፤ ነገር ግን ያን ሌሊት እኛ በቅኔ ሕግ ስንከራከር፥ በዚያች ድንጋይ የተመታ ልጅ አጠገባችን ተኝቶ ነበር። ስለዚህ መምህራንና ወላጆች የሆኑ አንባቢዎቻችን ከልጆች ጋር መጽሐፍ ሲያነቡ ወይም ፊልም ሲያዩ፥ ትርጉሙ ምንድን ነው ብለው ከመጠየቃቸው ወይም ትርጉም የለውም ብለው ከመፍረዳቸው በፊት፥ ምን አየህ ብለው ቢጠይቁ መልካም ነው እንላለን።

የአባቱ ሰርግ በጥር ወር በአነስተኛ ድግስ ተፈጸመ። ልጁም ከእኛ አጠገብ ተቀምጦ ዋለ፤ ሆዱንም አላመመውም።