ልክ የሆነ ሽፋን

ቶሮንቶ ውስጥ ጀልባ ያለው ቤተሰብ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ኦንታሪዮ ሐይቅ ላይ ይዝናናል። በበረዶው ወራት ጀልባው ከውኃ ወጥቶ ይቀመጣል። እኔ ለሁለተኛ ዲግሪ ከባሕር ዳር መጥቼ፣ እዚሁ የሶፍትዌር መሐንዲስ ሆኜ የቀረሁ ሰው ነኝ። እኔና ባለቤቴ የዕቁብ ዕጣ ሲደርሰን 18 ጫማ ርዝመት ያለው ያገለገለ ጀልባ ገዛን።

ኮክፒት የሚባለው መሪውና መቀመጫዎቹ ያሉበት ክፍት ቦታ ነው። ከጀልባው ጋር የመጣው የኮክፒት ሽፋን ለብዙ ዓይነት ጀልባ ተብሎ የተሰፋ ነበር። ሰፊ ስለሆነ መሐሉ ይረግባል፤ ሲዘንብም ኩሬ ይሠራል። 1 ሜትር በ1 ሜትር ቦታ ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ውኃ ቢጠራቀም 50 ሊትር፣ ማለትም 50 ኪሎ ነው። ጨርቁ ደግሞ አየር ስለማያሳልፍ እርጥበቱ መውጫ አጥቶ መቀመጫዎቹ ሻገቱ። ልጃችን አስም አለባት። ስለዚህ ወይ ሽፋኑን መለወጥ፣ ወይ ጀልባውን መሸጥ ነበረብን።

አጎቴ ባሕር ዳር ብዙ ዓመት ልብስ ሰፊ ነበሩ። ቶሮንቶ ከመጡ ወዲህ ግን የስፌት መኪናቸው ምድር ቤት ተቀምጧል።

«ጋሼ፣ አዲስ ሽፋን ይሰፉልናል?» አልኳቸው።

«ዓይኔ እኮ ደክሟል» አሉ። ሆኖም መጥተው ጀልባውን ዞረው አዩት። «ጣና ላይ ታንኳ ከሥራ በኋላ ከውኃ ወጥቶ ይደርቃል። ደንገል ካልተነፈሰ ይበሰብሳል። ያንተም ጀልባ መተንፈስ አለበት።»

ጨርቁን የመረጥነው በዚህ ምክንያት ነው። ቪኒል ዝናብ አያስገባም፤ እንፋሎትም አያስወጣም። እንደ ሰንብሬላ ያለው አክሪሊክ ሸራ ግን ዝናቡን እየመለሰ እንፋሎቱን ያሳልፋል። ቀለሙ ክሩ ሲሠራ አብሮ ስለሚገባ ፀሐይ ቶሎ አያደበዝዘውም። ለስፌቱ የፖሊስተር ክር ገዛን፤ የጥጥ ክር እርጥበት ላይ ይበሰብሳል።

እኔ የጀልባውን ሞዴል መጠን ከፋብሪካው ሠንጠረዥ አትሜ ነበር። አጎቴ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። «ልክ የሚወሰደው ከባለቤቱ ገላ ላይ ነው» አሉ።

በአማርኛ «ልክ» መጠንም ነው፣ ትክክልም ነው። ልብስ ሰፊ «ልክህን ልውሰድ» ሲል ስለ መጠን ይናገራል። እናንተ «ልክ ነህ» ስትሉ ስለ ትክክል ትናገራላችሁ። ለአጎቴ ሁለቱ አንድ ናቸው። የቀድሞው ባለቤት የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ማስቀመጫ ጨምሮበት ስለነበር፣ የእኛ ጀልባ ሠንጠረዡ ላይ ካለው ይለያል።

ኮክፒቱ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ወጥረን ለጠፍን። ጠርዙን፣ የመስታወቱን ማዕዘንና ማስቀመጫዎቹን በእስክሪብቶ ምልክት አደረግን። አጎቴ ለእጥፋት የሚሆን ትርፍ ጨምረው ሸራውን ቆረጡ። በ18 ቁጥር መርፌ፣ ቀስ እያሉ፣ ሦስት ቅዳሜ ሰፉት። መርፌው ውስጥ ክር የማስገባቱ ሥራ የልጄ ነበር።

ሲጫኑት ጠቅ የሚሉትን ቁልፎች መጨረሻ ላይ መታናቸው። ከፊት መሐል ጀምረን፣ ግራና ቀኝ እያፈራረቅን፣ ሸራውን እየወጠርን አንድ በአንድ ሄድን። እኔ ስቸኩል አጎቴ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይሉኛል። ከሥር አንድ ምሰሶ አቆምን፤ ውኃው አሁን ወደ ጎን ይወርዳል። ይህ ሽፋን በረዶ የሚሸከም ስላልሆነ፣ ለዚያ ሌላ ጠንካራ ሽፋን አለን። ሲቆሽሽ ለብ ባለ ውኃና ለስላሳ ሳሙና ታጥቦ አየር ላይ ይደርቃል።

ከመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በኋላ ልጄ ቁልፎቹን ፈታ፣ እጇን መቀመጫው ላይ አሳረፈች። «ደረቅ ነው!» አለች። አጎቴ ግን ስፌቱን እያገላበጡ ነበር። «ለሚቀጥለው ማዕዘኑን ደርበን እንሰፋዋለን» አሉ። የስፌት መኪናቸው አሁን ሳሎን ውስጥ ነው።