አዲሷን ቄብ ዛሬ ማታ ከሌሎቹ ጋር አታሳድሯት

በዚህ ሳምንት ስለ ስንዴው ዋግ ልጽፍ ነበር ያሰብኩት። ነገር ግን ሦስት ሰዎች በውስጥ መስመር አንድ ዓይነት ጥያቄ ላኩልኝ፦ «ከገበያ የገዛኋት ቄብ ጥግ ይዛ ታንቀላፋለች፣ ምን ልስጣት?» ስለዚህ የራሴን ጉድ ልንገራችሁ።

አምና ከፋሲካ በፊት ለልጄ አንዲት ቀይ ቄብ ገዛሁላት። ገበያ ላይ ቀልጠፍ ያለች ነበረች። ሻጩ «ተከትባለች» አለኝ፤ አመንኩት። እናንተን ሁልጊዜ «አዲስ ዶሮ ለብቻ አቆዩ» የምለው ሰውዬ፣ መሽቶብኝ ስለነበር ከባለቤቴ ዶሮዎች ጋር ቆጥ ላይ አወጣኋት። የእነሱም የክትባት ጊዜ አልፎ ነበር።

በአራተኛው ቀን ላባዋን ነፍታ፣ ዓይኗን ጨፍና ቆመች። ኩሷ አረንጓዴ ውሃ ሆነ። ልጄ ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ልታጎርሳት ስትታገል፣ እኔ ቴትራሳይክሊን ፍለጋ ሮጥኩ። ፈንግልን እንደማያድን እያወቅኩ እኮ! ሰው ሲጨንቀው እንዲህ ነው። አንገቷ ተጠምዝዞ ሞተች። የባለቤቴ ሰባት ዶሮዎችም ተከተሏት፤ የልጆቹ ደብተር የሚገዛው ከእንቁላላቸው ነበር። ከዚያ ወደ ጎረቤት ተሻገረ። «ፈንግሉን ያመጣብን ግብርናው ነው» አሉኝ እትዬ፣ ፊት ለፊት። ምን ልመልስ?

ዶሮ ሕመሟን ትደብቃለች። ገበያ ላይ ደህና መስላችሁ የገዛችኋት በሽታውን ይዛ ሊሆን ይችላል፤ ፈንግል ብዙ ጊዜ በአምስት በስድስት ቀን፣ አንዳንዴም ሁለት ሳምንት ቆይቶ ነው የሚታየው። ስለዚህ አዲሷን ሦስት ሳምንት ራቅ አድርጋችሁ አቆዩ። ውሃ መጠጫዋ የብቻዋ ይሁን። መጀመሪያ የቤቶቹን መግቡ፣ ከዚያ እሷን፣ ከዚያ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ስትገዙም ደረቷን ዳስሱ፤ አጥንቱ እንደ ቢላ ከሾለ ተዉት። ቂጧ አካባቢ ላባው በኩስ ከተለጠፈም እንደዚያው።

ጥያቄ ለላካችሁልኝ፦ ዛሬውኑ ለዩአት። ኩሷን እዩ። ደም ካለበት ኮክሲዲያ ሊሆን ይችላል፤ እሱ በውሃ የሚሰጥ አምፕሮሊየም የሚባል መድኃኒት አለው፣ የእንስሳት ጤና ባለሙያ አማክሩ። ፈንግል ከሆነ ግን መድኃኒት የለውም። ክትባቱም የሚጠቅመው ለጤነኛዋ ነው፤ በዓይን የሚንጠባጠብ ነው፣ በየሦስት አራት ወሩ ይደገማል። ከሞተች በጥልቅ ቅበሯት፣ ለውሻ አትጣሉ። አደራ፣ «ሳትሞት ልሽጣት» ብላችሁ ገበያ እንዳታወጧት። የኔዋም እንደዚያ የወጣች ትመስለኛለች።

አሁን ልጄ ሌላ ቄብ አስገዝታኛለች። ከጓዳው ጀርባ ለብቻዋ ናት፤ ዛሬ ዘጠኝ ቀን ሆናት። ጠዋት ጠዋት ኩሷን አይታ የምትነግረኝ ልጄ ናት።