ልጅን ለመጠየቅ ወደ አምቦ፤ ከዚያም ወደ ሐሮ ወንጪ

ልጃቸውን በአምቦ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩ ወላጆች ቅዳሜ ቀን ሊጠይቁት ሲሄዱ፣ ስንቁን አስረክበው ምክሩን ሰጥተው በዚያው ዕለት መመለስን ልማድ አድርገውታል። ነገር ግን በግቢው በር ቆሞ የሚደረግ ጨዋታ አጭር ነው፤ በመንገድ ላይ ልጅ ሳይጠየቅ ይናገራልና ሁለቱን ቀን ከእርሱ ጋራ ማሳለፍ ይሻላል እንላለን።

ይህ ዩኒቨርሲቲ በ1939 ዓ.ም. በእርሻ ትምህርት ቤትነት የተመሠረተ ነው። ግቢውን ልጁ እየመራ ቢያሳይ ደስ ይለዋል። ከዚያ በኋላ በፍል ውሃው ታጥቦ፣ ከ1922 ዓ.ም. ጀምሮ በጠርሙስ የሚታሸገውን የአምቦ ውሃ በአገሩ መጠጣት ለቅዳሜ ይበቃል።

እሑድ ማለዳ ወደ ደቡብ፣ ወደ ሐሮ ወንጪ መውጣት ነው። (ሐሮ በኦሮምኛ ሐይቅ ማለት ነውና «የሐሮ ወንጪ ሐይቅ» የሚሉ ሰዎች ሐይቁን ሁለት ያደርጉታል።) ውሃው የተኛው በጥንት እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ ሲሆን፣ በደሴቱ ላይ የቂርቆስ ገዳም አለ። የተራራው ጫፍ ከ3300 ሜትር በላይ ስለ ሆነ ጋቢ መያዝ ይገባል።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ መንገዱም ማረፊያውም በአዲስ ተሠርቷል። እኛ ግን ፈረስ ተከራይቶ በእንሰቱ መካከል መውረዱን እንመርጣለን። ኪራዩ ፈረሱን ለሚመራው ለአገሩ ሰው ቤት ይደርሳል፤ አባትና ልጅም ጎን ለጎን ሲሄዱ ስለ ትምህርቱ፣ ስለ ገንዘቡ፣ ስለ ጓደኞቹም ለመነጋገር ጊዜ ያገኛሉ። ከዚያም በጀልባ ወደ ደሴቱ ተሻግሮ መሳለም ነው።

ልጁ ሰኞ ትምህርት አለበትና ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ከሐይቁ መነሣት ያስፈልጋል።