ሰዓቴን በቀኝ እጄ ስለ ማሰሬ

በትምህርት ቤታችን ከሚያውቁኝ ጓደኞቼ መካከል «ሰዓትህን በማይታሰርበት እጅ አስረሃል» ያላለኝ ሰው ጥቂት ነው። መልሱን ለእያንዳንዱ በየደጃፉ ከመናገር አንድ ጊዜ በመጽሔታችን ላይ መጻፉ ይሻላል ብዬ ብዕሬን አነሣሁ፤ ያነሣሁትም በግራ እጄ ነው።

እኔ ግራኝ ነኝ። ከ10 ሰው አንዱ ያህል ግራኝ ሆኖ እንደሚወለድ ይነገራል፤ እንግዲህ 50 ተማሪ ባለበት ክፍል 5 ያህል ብንገኝ የሚያስደንቅ አይደለም። ዕቃው ሁሉ ግን የተሠራው ለቀሩት ነው። መቀስን በግራ እጅ የያዘው ሰው ስለቱ ስለማይገጥምለት ወረቀቱን ከመቍረጥ ይልቅ ያጥፈዋል። መጻፊያው በቀኝ በኩል ብቻ የተገጠመለት ወንበር ላይ ስፈተን ወገቤን ጠምዝዤ ስለምቀመጥ፣ ፈተና ተቈጣጣሪው የጎረቤቴን ወረቀት የማይ መስሏቸው ሁለት ጊዜ ከቦታዬ አስነሥተውኛል። ፊደላችንም ከግራ ወደ ቀኝ የሚጻፍ በመሆኑ የግራኝ እጅ የጻፈውን እየተከተለ ያብሰዋል። ዐረብኛና ዕብራይስጥ የሚጽፉ ሰዎች ግን ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚጽፉ፣ በነሱ ዘንድ ይህ ችግር የሚደርሰው በቀኝ እጅ ነው። ይህን በተረዳሁ ቀን ትንሽ ተጽናናሁ።

ወደ ሰዓቱ ልመለስ። አባቴ የሰጡኝ ሰዓት ባትሪ የሌለው፣ በየቀኑ የሚሞላ አሮጌ ሰዓት ነው። መሙያዋ ጕጥ የምትገኘው በ3 ቍጥር አጠገብ፣ በእኛ አቈጣጠር 9 ሰዓት በሚሆነው በኩል ነው። ቀኝ እጁ የሚሠራለት ሰው ሰዓቱን በግራው ቢያስር፣ ሳያወልቅ በቀኝ ጣቶቹ ይሞላዋል፤ ሥራ የሚበዛበት እጁም ነጻ ይሆንለታል፤ መስተዋቱም ከግጭት ይድናል። ስለዚህ ነገሩ የምቾት እንጂ የሕግ አይደለም። የእጅ ሰዓት ራሱ ቢሆን ለወንድ እንግዳ ነገር ነበር። ቀድሞ ወንዶች የኪስ ሰዓት ይይዙ ነበር፤ በእጅ የሚታሰረውም እንደ ሴት ጌጥ ይቈጠር ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1914 እስከ 1918 በተደረገው የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ግን ምሽግ ውስጥ ያለ ወታደር እጁን ወደ ኪሱ መስደድ ስላልተመቸው ሰዓትን በእጅ ማሰር ተስፋፋ። ሴይኮ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1969 እ.ኤ.አ. የኳርትዝ የእጅ ሰዓት ለገበያ ካወጣ ወዲህ ደግሞ የሚሞላ ሰዓት እየቀነሰ ሄደ። የሚሞላ ነገር ሳይኖር ሰው ሁሉ ዛሬም በግራው ያስራል። ሮሌክስ በ2022 እ.ኤ.አ. መሙያው በግራ በኩል የሆነ ሰዓት ማውጣቱን ሰምቻለሁ፤ ዋጋውን ስሰማ ግን የአባቴ ሰዓት ይበቃኛል አልሁ።

የአባቴን ሰዓት በቀኝ እጄ ሳስር መሙያዋ ወደ ክንዴ ዞራ ስለምትቀመጥ ማታ ማታ አውልቄ እሞላታለሁ። አባቴ መጀመሪያ ሲያዩኝ ትንሽ ዝም ብለው ቈዩና «ሰዓቱም ያንተ ነው፤ እጁም ያንተ ነው» አሉ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አላነሡብኝም።

ቋንቋችን ግን እንደ አባቴ ለግራኝ አያዝንም። ሰው ሲጨንቀው «ግራ ገባኝ» ይላል፤ ጧት ሲወጣ «በቀኝ አውለኝ» ብሎ ይጸልያል። በማዕርግም ቢሆን ቀኛዝማች ከግራዝማች በላይ ነበረ። በ16ኛው ምእተ ዓመት የተነሣው ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም «ግራኝ» በሚለው ቅጽል ስለሚታወቅ፣ በልጅነቴ የሰፈር ልጆች በኳስ ጨዋታ ላይ በሱ ስም ይጠሩኝ ነበር። ለነሱ የምመልሰው ከመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 20 ያገኘሁትን ነው፤ በዚያ ከብንያም ወገን 700 የተመረጡ ግራኞች በወንጭፍ ሲወረውሩ አንዲት ጠጕር እንኳ እንደማይስቱ ተጽፏል።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ግን ስለ ሰዓት ብቻ ብዬ አይደለም። የአራት ዓመት እኅት አለችኝ፤ እርሷም ግራኝ ናት። እኔን ያሳደጉኝ አያቴ ገና ማንኪያ በግራዋ ስትይዝ ባዩ ጊዜ፣ ያንን ለእኔ ያገለገለ ጨርቅ ከሣጥናቸው አወጡ። በልጅነቴ ገበታ ሲቀርብ ግራ እጄን ወደ ኋላዬ የሚያስሩበት ጨርቅ ነው። በመብሉ ነገር ተሳክቶላቸዋል፤ ዛሬ የምበላው በቀኜ ነው፤ ለዚህም አልወቅሳቸውም። በአንድ መሶብ ዙሪያ ሲበሉ ሁሉም በቀኝ ቢቈርስ ክርንና ክርን አይጋጭም፤ ግራ እጅም ለሌላ ጕዳይ የተመደበ ነውና ጨዋነቱን እቀበላለሁ። ጽሕፈቱ ግን ሌላ ነው። የመጀመሪያ ክፍል መምህሬ እርሳስ በግራዬ በያዝሁ ቍጥር ጣቶቼን በማስመሪያ ይመቱኝ ነበር። ዓመቱን ሙሉ በቀኜ ስጽፍ «ሀ» እንኳ እግር አልተከለችልኝም፤ ሰነፍ ተባልሁ፤ ካርዴም ያንኑ መሰከረ። በሁለተኛው ዓመት የመጡት መምህርት «በፈለግኸው ጻፍ» ሲሉኝ በሦስት ወር ከጓደኞቼ ጋር ተስተካከልሁ።

ለአያቴም እንዲህ ስል አስረዳኋቸው። «እማማ፣ ሕፃን ገና በማሕፀን ሳለ አንዱን አውራ ጣቱን መርጦ ሲጠባ ሐኪሞች በመሣሪያ አይተዋል። ልጅቱ እልኸኛ ሆና አይደለም።» እርሳቸውም «ነገ ሰው ቤት ሄዳ በግራዋ ስትጎርስ አሳዳጊ የበደላት ይሏታል፤ የሚሰደበው እኮ እኔ ነኝ» አሉ። ይህ እውነት ነው፤ መልስ አጣሁለት። በአገራችን መኪና በግራ መንዳቱ ቀርቶ በቀኝ የሆነው በ1956 ዓ.ም. ስለ ሆነ፣ አያቴ «መኪናውስ ተለውጦ የለም?» ብለው ሊረቱኝ ሞከሩ። መንገድ በአዋጅ ይለወጣል፤ የእኅቴ ጣቶች ግን አዋጅ አያነቡም አልኋቸው። ሣቁ።

ክርክሩ ሦስት ቀን ፈጀ። በመጨረሻም አባቴ ባሉበት ስምምነት ተደረገ፤ እኅቴ በቀኟ ትበላለች፣ በቀኟ እጅ ትነሣለች፣ እርሳስ ግን በወደደችው እጅ ትይዛለች። በመጪው መስከረም ትምህርት ስትጀምር አባቴ ይህንኑ ለመምህርቷ ሊነግሩ አብረዋት ይሄዳሉ። ጨርቁንም አያቴ የድስት ማውጫ አድርገውታል።