«አጠፋሁት» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ባለፈው ሰሞን ለዓመታት የሠራሁበትን ላፕቶፕ ልሸጥ ገዢ አገኘሁ። ፋይሎቹን አጠፋሁ፣ ማሽኑንም አጠፋሁ፣ በዋጋ ተስማማን። ላስረክብ ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ስሟን ላልጠራ ቃል የገባሁላት አንዲት ምንጬ የሰጠችኝ ቃለ መጠይቅ እዚያ ላይ ነበር።

አማርኛችን መብራት ሲጠፋም ፋይል ሲሰረዝም «ጠፋ» ይላል። ለኮምፒውተር ግን ሁለቱ አንድ አይደሉም። በ2011 እ.ኤ.አ. የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንዲያጎ ተመራማሪዎች፣ ለሃርድ ዲስክ የተሠሩት ፋይልን ለይቶ የማጥፊያ ዘዴዎች በኤስኤስዲ ላይ እንደማይሠሩ አሳይተዋል።

«ራም እንኳ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ይረሳል» ብለን እንጽናና ነበር። እሱም ቶሎ አይረሳም። በ2008 እ.ኤ.አ. በፕሪንስተን የተመራ ቡድን ራሙን በማቀዝቀዝ፣ ማሽኑ ከጠፋ በኋላ የምስጠራ ቁልፎችን አውጥቶ አሳየ።

አሁን ደግሞ ጭራሽ የማይረሳ የሥራ ማህደረ ትውስታ መጥቷል። ኢንቴልና ማይክሮን በ2015 እ.ኤ.አ. ስሪዲ ክሮስፖይንት ብለው ያስተዋወቁት አንዱ ነው። ኢንቴል «ኦፕቴን» ብሎ ለሰርቨሮች ሸጦት በ2022 እ.ኤ.አ. ለማቆም ወሰነ፤ ኤምራምን የመሳሰሉት ግን ቀጥለዋል። ፍጥነታቸው ያጓጓል። ችግሩ፣ የይለፍ ቃልም ሆነ የተፈታ ምስጢር ሥራ ላይ ሲሆን በማህደረ ትውስታው ላይ ተገልጦ መቀመጡ ነው። እስከ ዛሬ መጥረጊያችን ማጥፊያው ቁልፍ ነበር። ትውስታው የማይረሳ ከሆነ፣ ቺፑን የወሰደ ሁሉንም ወሰደ። መድኃኒቱ ማህደረ ትውስታውን ራሱን መመስጠር ነው። ኦፕቴን ይህ ነበረው፤ ርካሽ ዕቃ ሁሉ ይኖረዋል ብሎ ማመን ግን የዋህነት ነው።

ሀገራችን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አውጥታለች። ጥሩ ነው። አሮጌ ኮምፒውተር በጨረታ የሚሸጥ መሥሪያ ቤት ሁሉ ግን «ውስጡ ምን ቀረ?» ብሎ መጠየቅ አለበት። እዚያ ውስጥ ያለው የእናንተ ፋይል ነው።

እኔ ዲስኩን ነቅዬ አስቀረሁ፤ ገዢውም ከዋጋው ላይ ቀነሰብኝ። አልከፋኝም። የሚያሳስበኝ ነገ ነው፤ ትውስታው ከቦርዱ ጋር ተበይዶ ሲመጣ ምኑን እነቅላለሁ? ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው፦ ምስጠራን ማሽኑን ስትሸጡ ሳይሆን ገና ስትገዙ አብሩት። ለምንጬ የገባሁት ቃል ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ አብሮ አይቋረጥም።